የቴኤቴቶስ አፍንጫ

ፕላቶ «እውቀት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን «ቴኤቴቶስ» የተባለ መጽሐፉን እንዲያነብ ያደረገው ስሙ ያልተነገረ አንድ ባሪያን ነው። ኤውክሊደስና ቴርፕሲዮን የሚባሉ ሁለት ወዳጆች በሜጋራ ከተማ ይገናኛሉ። ኤውክሊደስ ወደ ወደቡ ሲወርድ ቴኤቴቶስን ከቆሮንቶስ የጦር ሰፈር ወደ አቴና በሸክም ሲወስዱት አግኝቶ፣ ጥቂት ሸኝቶት መመለሱ ነው። ሰውየው ቆስሏል፤ ከቁስሉ ይልቅ የጣለው ግን ሠራዊቱን ያጠቃው ተቅማጥ ነው። ሁለቱ ስለ ጀግንነቱ ሲያወሩ፣ ሶቅራጥስ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ይህን ሰው ገና በለጋነቱ አግኝቶት እንደነበር፣ ዕድሜ ከሰጠውም ስመ ጥር መሆኑ እንደማይቀር ተናግሮለት እንደነበር ያነሳሉ። የዚያን ቀን ጭውውት ኤውክሊደስ ጽፎ አስቀምጦታል። መንገድ አድክሟቸዋልና አረፍ ይላሉ፤ አገልጋዩም ጽሑፉን ይዞ ማንበብ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሜጋራ መመለስ የለም። ሶቅራጥስ ሲቀልድ፣ የሂሳብ ሊቁ ሲያመነታ፣ ልጁ ሲያፍር የምንሰማው ሁሉ ከዚያ አገልጋይ አፍ የሚወጣ ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ የራሱን ቃል አይናገርም። መጽሐፉ ሲያልቅም «በቃ፣ አመሰግናለሁ» የሚለው የለም። በር ተከፍቶ ሳይዘጋ እንደቀረ ነው፤ ፕላቶን የሚያህል ጥንቁቅ ጸሐፊ ደግሞ በር መዝጋት አይረሳም።

ይህች መግቢያ ሁለት ገጽ አትሞላም። ቀስ ብሎ ላነበባት ግን የሥራው ዕቃ በሙሉ የተደረደረባት ናት። ኤውክሊደስ ጭውውቱን የሰማው ከራሱ ከሶቅራጥስ ነው። ቤቱ እንደገባ ማስታወሻ ያዘ፤ በኋላ ረጋ ብሎ እያስታወሰ ጻፈው፤ አቴና በሄደ ቁጥርም የዘነጋውን ሶቅራጥስን እየጠየቀ፣ ሲመለስ ያርመው ነበር። መስማት፣ ማስታወስ፣ መጻፍ፣ መጠየቅ፣ ማረም። ማንም ሰው «አውቃለሁ» ለማለት የሚደገፍባቸው ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ቆየት ብለው በተራ ይመረመራሉ። ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ ምስክሮቹ ገብተው ተቀምጠዋል።

ኤውክሊደስ ሌላም ነገር ይናገራል። «እኔም አልኩት»፣ «እርሱም ተስማማ» የሚሉትን ማያያዣዎች ሆን ብሎ አውጥቷቸዋል፤ አሰልቺ ናቸው ባይ ነው። ነገሩ የአጻጻፍ ምርጫ ብቻ ይመስላል። ፕላቶ በሌሎች ታላላቅ ሥራዎቹ፣ ለምሳሌ በ«ፖለቴያ» እና በ«ፋይዶን»፣ ማን ፊቱ እንደቀላ፣ ማን እንዳለቀሰ የሚነግረን ተራኪ ያቆማል። እዚህ ተራኪው ከሥራ ተሰናብቷል። ሰው አንድን ነገር «ያውቃል» የምንለው ምን ሲኖረው ነው ብሎ በሚጠይቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ መሃል ቆሞ «እኔ አውቃለሁ፣ ልንገራችሁ» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ሥራው ገና ሳይጀመር ይበላሽ ነበር። ምክንያቱን ግን ኤውክሊደስ አይነግረንም፤ እርሱ ስለ አሰልቺነቱ ብቻ ነው የሚያወራው።

የእነዚህን ሁለት ሜጋራውያን ስም የ«ፋይዶን» አንባቢ ያውቀዋል። ሶቅራጥስ መርዙን በጠጣበት ቀን እስር ቤት ውስጥ ከነበሩት መካከል ናቸው። በዚያው መጽሐፍ ፕላቶ የራሱን ስም የሚጠራው መቅረቱን ለመናገር ነው፤ ታሞ ሳይሆን አይቀርም ይባልለታል። እንግዲህ ያልነበረው ሰው የነበሩትን ሰዎች ጸሐፊ አድርጎ ሾሟቸዋል ማለት ነው።

ፕላቶ እስከ 80 ዓመቱ ድረስ ጽሑፎቹን እንደ ፀጉር ሲያበጥር፣ ሲጠቀልልና ሲጎነጉን እንደኖረ የሐሊካርናሶሱ ዲዮኒስዮስ ጽፏል። ከሞተ በኋላ የ«ፖለቴያ» የመጀመሪያ ቃላት በተለያየ ቅደም ተከተል የተሞከሩበት ሰሌዳ ተገኘ የሚለውንም ያቆየልን እርሱ ነው። ስለ «ቴኤቴቶስ» ደግሞ ከግብፅ የተገኘና በ1905 እ.ኤ.አ. በበርሊን የታተመ ስሙ የማይታወቅ ሊቅ ማብራሪያ አለ። በዚያ ፓፒረስ ላይ ለመጽሐፉ ሌላ መግቢያም ይታወቅ እንደነበርና እርሱ ግን ቀዝቀዝ ያለ እንደነበር ተጽፏል። ያኛው አልደረሰንም። የደረሰን የቆሰለው ሰው ያለበት ነው።

ንባቡ የሚከፈተው በወሬ ነው። ሶቅራጥስ ከቀሬና መጥቶ አቴና ውስጥ ጂኦሜትሪ የሚያስተምረውን ቴዎድሮስን፣ ከወጣቶቹ መካከል ተስፋ የሚጣልበት አለ ወይ ይለዋል። ቴዎድሮስ አንዱን ያሞግሳል፤ ፈጣን ነው፣ ገር ነው፣ ደፋር ነው። መልኩ ግን አያምርም፤ እንዲያውም፣ አትቀየመኝና፣ አንተን ይመስላል ይለዋል። አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ዓይኖቹም እንዳንተ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ያንተን ያህል ግን አይደለም። የአባቱን ስም ሲጠየቅ ደግሞ ቴዎድሮስ አያስታውሰውም። በዚያው ቅጽበት ወጣቶቹ ሰውነታቸውን ዘይት ተቀብተው ከውጭ ይመጣሉ፤ ሶቅራጥስ መካከለኛውን አይቶ ማን መሆኑን ይለያል። የሱኒዮኑ የኤውፍሮንዮስ ልጅ ነው፤ አባቱም ብዙ ሀብት ትቶ የሞተ ሰው ነው። የልጁን ስም ብቻ ነው የማያውቀው። ይህችን ነገር እንያዛት፣ እንመለስባታለን።

ልጁ ተጠርቶ ይመጣል። ሶቅራጥስ የጠራሁህ ፊቴ ምን እንደሚመስል አንተን አይቼ ልማር ብዬ ነው ዓይነት ቀልድ ይጀምራል። ቀልዱ ግን ወዲያው ጥርስ ያወጣል። ቴዎድሮስ ፊታችን ይመሳሰላል ብሏል፤ ለመሆኑ ቴዎድሮስ ሠዓሊ ነው? አይደለም። ስለ ፊት የሚናገር ሰው ሙያው ስለ ፊት ካልሆነ ቃሉን መቀበል አለብን? አያስገድደንም። የጂኦሜትሪ ሰው ነውና ስለ ልጁ አእምሮ ያለውን ግን መስማትም መፈተንም ተገቢ ነው። ስለ እውቀት የሚጠይቀው ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ የመረመረው የእውቀት ጥያቄ እንግዲህ የአንድ አፍንጫ ቅርጽ ነው፤ አንባቢ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ትልቁ ጥያቄ ሲመጣ ቴኤቴቶስ እንደማንኛውም ተማሪ ዝርዝር ይሰጣል፤ ጂኦሜትሪ እውቀት ነው፣ ጫማ መስፋትም እውቀት ነው። ሶቅራጥስ ስለ ጭቃ ብጠይቅህ የሸክላ ሠሪው ጭቃ፣ የጡብ ሠሪው ጭቃ ብለህ ትደረድርልኛለህን? ጭቃ ማለት በውሃ የተለወሰ አፈር ነው ብትለኝ ይበቃኝ ነበር ይለዋል። እዚህ ላይ ልጁ ነቃ ይልና በቅርቡ ከጓደኛው ጋር የሠራውን ሂሳብ ያስታውሳል። ጓደኛው እዚያው ተቀምጧል፤ ስሙም ሶቅራጥስ ይባላል። አንዱ ልጅ የሽማግሌውን ፊት፣ ሌላው ስሙን ይዞ መጥቷል።

ሂሳቡ ለብቻው ሊደነቅ የሚገባው ነው። ቴዎድሮስ ስፋቱ 3 ካሬ ጫማ የሆነ ካሬ ጎኑ ከአንድ ጫማ ጋር የጋራ መለኪያ እንደሌለው በሥዕል አሳያቸው፤ ቀጥሎ የ5ን፣ እንዲህ እያለ አንድ በአንድ እስከ 17 ደረሰና እዚያ ላይ በሆነ ምክንያት ቆመ። ለምን 17 ላይ? ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ፕላቶ አይነግረንም። ልጆቹ ግን እንዲህ ዓይነት ቁጥር ማለቂያ የለውምና ሁሉንም በአንድ ስም እንጠቅልለው አሉ። የሁለት እኩል ቁጥሮች ብዜት የሆነውን ሁሉ ካሬ ቁጥር፣ ቀሪውን ሁሉ ሞላላ ቁጥር ብለው ከፈሉት፤ በዚህም ጎኖቹን በሁለት ወገን ለዩአቸው። መምህሩ አንድ በአንድ ሄዶ ቆመ፤ ተማሪው በአንድ እርምጃ ጨረሰው። ታሪካዊው ቴኤቴቶስ በዚህ ዘርፍ ታላቅ ሊቅ ነበር፤ በዩክሊድ «ኤለመንትስ» አሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ የእርሱ ሥራ አሻራ እንዳለ ይታመናል።

ይህ ምሳሌ የገባው ለጌጥ አይደለም። ጥሩ ብያኔ ምን እንደሚመስል ልጁ በራሱ እጅ ሠርቶ አሳይቶናል። ከዚህ በኋላ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ሰነፍ ስለሆነ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። ጥያቄው ከባድ መሆኑን ፕላቶ በዐዋጅ አልነገረንም፤ ሊፈታው የሚችለውን ሰው አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠው እንጂ።

የመጀመሪያው መልስ እውቀት ማለት በሕዋሳት መገንዘብ ነው የሚል ነው። ሶቅራጥስ ይህን ወስዶ ከፕሮታጎራስ ትምህርት ጋር ያጋጥመዋል፤ የነገር ሁሉ መለኪያ ሰው ነው፣ ለእኔ የሚመስለኝ ለእኔ እውነት ነው ከሚለው ጋር። ያንኑ ነፋስ አንዱ ይበርደዋል፣ ሌላው አይበርደውም። ከዚያ ሥሩን እስከ ሄራክሊጦስ ድረስ ይቆፍራል፤ ምንም ነገር አይቆምም፣ ሁሉ ይፈስሳል፤ ነጭነትም ዓይንና የሚታየው ነገር ሲገናኙ በመሃላቸው የሚወለድ እንጂ የትም ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም። ይህ ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ሁልጊዜ የምዘገየውና ጥቂት የምማረርበት እዚህ ነው። ግን ስለ መኖር የተነገረ አንድ አስተምህሮ ስለ ማወቅ በተነገረ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ እንደነበር ለማሳየት ሌላ መንገድ አልነበረም። ልጁ ሦስት ቃል ተናገረ፤ ሶቅራጥስ ከሦስቱ ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ዓለም አወጣ።

ሶቅራጥስ እናቱ አዋላጅ እንደነበረችና እርሱም የእርሷን ሙያ እንደያዘ የሚናገረው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ልዩነቱ የሚያዋልደው ወንዶችን፣ የሚወለደውም አሳብ መሆኑ ነው። እርሱ ራሱ አይወልድም። ሕፃኑ ሲወለድ እንደ አቴናውያን ልማድ በምድጃው ዙሪያ ይዞ ይዞረውና ሊያድግ የሚገባው ነው ወይስ ጫጩት የማይወጣው እንቁላል ብሎ ይመረምረዋል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል። እኔ ይበልጥ የማደንቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

ፕሮታጎራስ በዚያን ጊዜ ሞቷል። ሶቅራጥስ መጀመሪያ ርካሽ ምት ይመታዋል፤ መለኪያው ሰው ከሆነ ዝንጀሮ ወይም አሳማ ለምን አልሆነም ይላል። ከዚያ ራሱን ይገስጻል። ሟቹ ቢኖር ኖሮ ዝም ይል ነበር? ብሎ በፕሮታጎራስ አንደበት ራሱን ይከሳል፤ ልጅ አስፈራርተህ አሸነፍኩ አትበል፣ እኔ እኮ እንዲህ ማለቴ ነበር እያለ ረጅምና ጠንካራ መከላከያ ያቀርብለታል። ለተቃዋሚው ከራሱ ከተቃዋሚው የተሻለ ጠበቃ ይቆምለታል። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ማጥቂያ የሚመጣው፤ ሰው ሁሉ የመሰለው እውነት ከሆነ፣ ፕሮታጎራስ ተሳስቷል ብለው የሚያስቡትም እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ፕሮታጎራስ መሳሳቱን ራሱ ፈርሞ ሰጥቷል።

ተራ ጸሐፊ እዚህ ላይ ምዕራፉን ይዘጋ ነበር። ፕላቶ ግን አሸናፊው አፍ ውስጥ ጥርጣሬ ያስገባል። ምናልባት ይላል ሶቅራጥስ፣ ፕሮታጎራስ አሁን ከመሬት ውስጥ እስከ አንገቱ ብቅ ቢል፣ እኔን ስለ ቅዠቴ አንተንም ስለ መስማማትህ ወቅሶን፣ ተመልሶ ገብቶ ሮጦ በጠፋ ነበር። አንገት ብቻ፤ ሙሉ ሰውነት አይደለም። ያች አንገት ማስረጃው ላይ ስንጥቅ እንዳለ፣ ሠሪውም ስንጥቁን እንዳየ፣ ነገር ግን ሊለስነው እንዳልፈለገ ትነግረናለች። ዛሬም በክርክሩ ላይ የሚጽፉ ሊቃውንት «ለእርሱ እውነት» የሚለው ቃል የት ላይ እንደጠፋ ሲፈልጉ የሚቆፍሩት ያችኑ ቦታ ነው።

የፕላቶን ገጾች ዓለም ሁሉ የሚቆጥረው ሄንሪ ኤስቲየን በ1578 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ባሳተመው እትም ነው። «ቴኤቴቶስ» ከ142 እስከ 210 ይዘልቃል። መሃሉ 176 ነው፤ እዚያ ላይ የምናገኘው ስለ እውቀት የሚደረገውን ክርክር ሳይሆን ከመንገድ የወጣ ሰፊ ወሬ ነው። ሶቅራጥስ በፍርድ ቤት ያደገውን ሰው ከፈላስፋው ጋር ያነጻጽራል። ያኛውን የውሃ ሰዓቱ ያጣድፈዋል፣ ከሳሹ ከፊቱ ቆሟል፤ ይኸኛው ጊዜ አለው፣ ካሰኘው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘልላል። ታሌስ ከዋክብትን ሲያይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የትራቄ አገልጋይ ሴት የሳቀችበት ታሪክም ያለው እዚሁ ነው። ፈላስፋው ወደ ገበያው አደባባይ የሚወስደውን መንገድ እንኳ አያውቅም፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም ይላል ሶቅራጥስ።

ቆይ። ይህን የሚናገረው ዕድሜውን በሙሉ በአደባባዩ ያሳለፈው ሰው ነው። ቅድም ያንን ወጣት ገና ከሩቅ አይቶ የአባቱን ስም፣ ሰፈሩንና የውርሱን መጠን ያወቀው እርሱ ነው፤ የአባቱን ስም ሲጠየቅ ያላስታወሰው ደግሞ የጂኦሜትሪው መምህር ነበር። ሥዕሉ የቴዎድሮስ እንጂ የሶቅራጥስ አይደለም። ቴዎድሮስ ሲሰማው ደስ ይለዋል፤ ሶቅራጥስ ለዚህ ሰው መስታወት ይዞለት እርሱ ግን የሶቅራጥስን ምስል ያየ ይመስለዋል። ብዙዎች ይህን ክፍል ፕላቶ ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው ውዳሴ አድርገው ያነቡታል። እኔ አይመስለኝም፤ የአባትየውን ስም ያህል ማስረጃ ፊታቸው ተቀምጧልና።

የሕዋሳቱ መልስ የሚሞተው ከ184 እስከ 186 ባሉት ገጾች ነው፤ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የተሠራው ክፍል ይኸው ነው። ሕዋሳት በየፊናቸው እንደ ወታደር በእንጨት ፈረስ ውስጥ የተቀመጡ ናቸውን? እንዲያ ከሆነ የሚያየውና የሚሰማው አንድ ሰው የለም። ድምፅን በጆሮ፣ ቀለምን በዓይን እናውቃለን። ድምፅና ቀለም ሁለት መሆናቸውን፣ መኖራቸውን፣ የተለያዩ መሆናቸውንስ በየትኛው ሕዋስ ነው የምናውቀው? ቴኤቴቶስ ያስባል፤ ለእነዚህ የተለየ ሕዋስ የለም፣ ነፍስ ራሷ በራሷ ታያቸዋለች ይላል። ሶቅራጥስ ይህን መልስ በጣም ይፈልገው ነበር፤ ግን በአፉ ሊያወጣው አልፈለገም። ልጁ ሲናገርለት የሚሰጠው ምላሽ ክርክር ሳይሆን ሙገሳ ነው፤ ቴዎድሮስ እንዳለው አስቀያሚ አይደለህም፣ ቆንጆ ነህ፤ በሚያምር መንገድ የሚናገር ሰው ያምራልና። በገጽ 143 የተጣለው ፊት በ185 ተመልሶ መጣ። በዓይን የሚታየው መልክ ተሸነፈ፤ የተሸነፈውም በዓይን የማይታየውን በነፍስ ማየት እንደሚቻል በተነገረበት በዚያው መስመር ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ እውቀት ትክክለኛ አሳብ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ የውሸት አሳብ እንዴት ሊኖር ይችላል የሚል እንቆቅልሽ ይጎትታል፤ የማላውቀውን ነገር ላስበው አልችልም፣ የማውቀውን ደግሞ እንዴት ከሌላ ጋር አምታታዋለሁ? መልስ ለመስጠት ሶቅራጥስ ሁለት ሥዕሎች ይሠራል፤ የሁለቱም አሠራር ልዩ ነው። መጀመሪያ ነፍሳችን ውስጥ የሰም ሰሌዳ አለ እንበል ይላል፤ የሙዛት እናት የማስታወስ አምላክ ስጦታ ነው። ያየነውና የሰማነው እንደ ማህተም ቀለበት አሻራውን ይተውበታል። የአንዳንዱ ሰው ሰም ወፍራምና ልስልስ ነው፤ የሌላው ቆሻሻ፣ ጠጉራም ወይም ደረቅ ነው። ስሕተት የሚመጣው ከሩቅ ያየሁትን ሰው በሌላ ሰው አሻራ ላይ ሳሳርፈው ነው። ምሳሌው ማን መሰላችሁ? ቴኤቴቶስና ቴዎድሮስ። ከሩቅ አይቼ ሁለቱን አምታታኋቸው እንበል ይላል።

ሥዕሉ ይሠራል። እንዲያውም እዚህ ላይ ቢቆም የሥነ ልቦና መጽሐፍ ሁሉ ይቀናበት ነበር። ሶቅራጥስ ግን በትክክል አንድ ቦታ ላይ ሸክም ይጭንበታል፤ 5 እና 7 ስንት ነው? 11 የሚል ሰው ይኖራል። 11ን ማንም ከሩቅ አላየውም፤ 12ም እንዲሁ። ሁለቱም ሰሙ ውስጥ ያሉ አሻራዎች ናቸው፤ ሆኖም ሰውየው አንዱን በሌላው ምትክ ወሰደ። ሰሙ ተሰነጠቀ።

ሁለተኛው ሥዕል የሚጀምረው ስንጥቁ ካለበት ቦታ ነው። ካባ ገዝቶ ያልለበሰ ሰው ካባ አለው፣ ግን አልለበሰም። እውቀትም እንዲሁ ነው፤ በአእምሯችን ውስጥ የወፍ ቤት አለ፣ ያወቅነውን ሁሉ ይዘን እዚያ አስገብተናል። በፈለግነው ጊዜ እጃችንን ሰድደን እንይዛለን። 12ን ሊይዝ የሄደ ሰው ርግብ እፈልጋለሁ ብሎ ዋኖስ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ 11 ይላል። ይህም ይሠራል፣ ወዲያውም ይወድቃል፤ በእጁ እውቀት ይዞ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ቴኤቴቶስ የድንቁርና ወፎችም እዚያው ይብረሩ እንዴ ይላል። እንዲያ ከሆነ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ሌላ እውቀት ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ሌላ የወፍ ቤት፣ ለዚያም ሌላ።

የፕላቶ ጥበብ እዚህ ላይ ይበልጥ ይታየኛል። ሁለቱም ምሳሌዎች ሊወድቁ እንደሆነ ሠሪው ያውቃል፤ ግን ያዳፈናቸው አይመስልም። የሰሙን ጥራት፣ የወፎቹን አበራረር፣ የካባውን ነገር እንደሚኖርበት ቤት አድርጎ ይሠራቸዋል። ደካማ ምሳሌ ሲወድቅ ምንም አያስተምርም፤ ምሳሌው ስለ ደከመ ብቻ ነው የወደቀው። ጠንካራ ምሳሌ የሚወድቅበት ነጥብ ግን ጥያቄው ራሱ የት ላይ እንዳለ ያሳያል። ሰሙ የወደቀው ዓይን በማያያቸው ነገሮች ላይ ነው፤ የወፍ ቤቱ የወደቀው ማወቅን በማወቅ ስንተረጉም ነው። ሦስተኛው መልስ የሚወድቅበትን ምክንያት አስቀድሞ ያሳየን ይህ ነው።

ሁለተኛውን መልስ የሚገድለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት። አንድ ሰው መዘረፉን ያላዩ ዳኞች፣ የውሃ ሰዓቱ እስኪያልቅ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ጥሩ ተናጋሪ አሳምኗቸው በትክክል ይፈርዳሉ። አሳባቸው ትክክል ነው፤ ያዩት ግን አይደሉም፣ እውቀት የላቸውም። በመጽሐፉ መሃል የነበረው የውሃ ሰዓት እዚህ በ201 ሲንጠባጠብ ተሰማ።

ሦስተኛው መልስ ዛሬ የፍልስፍና ተማሪ ሁሉ የሚጠቅሰው ነው፤ እውቀት ትክክለኛ አሳብ ከማብራሪያ ጋር ነው የሚለው። ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣት የሦስት ገጽ ጽሑፍ ይህን መሰሉን ብያኔ ሲያናጋ፣ በግርጌ ማስታወሻው የጠቀሰው ይህንኑ ገጽ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» የግሪክን ጠቢባን የሚያውቃቸው በአባባላቸው ነው፤ አባባል ተነቅሎ ይወሰዳል፣ ይጠናል፣ ይመክራል። «ቴኤቴቶስ»ን ግን በአባባል መንቀል አይቻልም። ብያኔውን ነቅለው የሄዱት ዘመናውያን የተዉት ነገር እዚያው ቆሞ የሚያፈርሰውን ክፍል ነው።

ማብራሪያ ማለት ምንድን ነው? ክፍሎቹን መዘርዘር ከሆነ፣ ሄሲዮድ ሠረገላ መቶ እንጨት አለው ብሏል፤ እኔም አንተም ግን መንኮራኩር፣ ዘንግ፣ ቀንበር እያልን ጥቂቶቹን ብንቆጥር ነው። የ«ሶቅራጥስ»ን የመጀመሪያ ፊደል ከፋፍሎ መናገር ከሆነ፣ ትንሿን ድምፅ ራሷን ማብራራት አይቻልም፤ የማይታወቁ ነገሮች ተሰባስበው እንዴት የሚታወቅ ነገር ይሠራሉ? ምሳሌ ሆኖ የተበተነው ስም የማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ እዚያው አጠገብ የተቀመጠው ዝምተኛ ልጅም ያንኑ ስም ይዟል።

በመጨረሻ ማብራሪያ ማለት ነገሩ ከሌሎች ሁሉ የሚለይበትን ምልክት መናገር ይሆን? ፀሐይ በሰማይ ከሚዞሩት ሁሉ ብሩህ ናት እንደማለት። እዚህ በ209 ሶቅራጥስ ቴኤቴቶስን ያስባል። አፍንጫና ዓይን ያለው ሰው ብል ማንም ሊሆን ይችላል። ደፍጣጣ አፍንጫና ወጣ ያለ ዓይን ያለው ብልስ? ራሴን፣ ወይም እኛን የመሰለ ሌላ ሰው እንጂ አንተን ብቻ አሰብኩ ማለት አልችልም። የአንተ ደፍጣጣነት ካየኋቸው ደፍጣጣነቶች ሁሉ የሚለይበት አሻራ በውስጤ ካልቀረ በቀር አንተን አላሰብኩህም፤ ያ አሻራ ደግሞ ከቀረ፣ መለያውን አስቀድሜ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ማብራሪያ ጨምር ማለት ያለህን ነገር እንደገና ጨምር ማለት ነው፤ ልዩነቱን እወቅ ማለት ከሆነም እውቀትን በእውቀት መተርጎም ነው።

መሶብ የምትሰፋ ሴት አለላውን ወደ ውስጥ አስገብታ እንደምታሳልፈውና በሌላ ዙር ላይ እንደምታወጣው፣ ፕላቶ ያንን አፍንጫ በ143 አስገባው፣ በ185 አንድ ጊዜ አሳየን፣ በ209 አውጥቶ ጨረሰበት። መጀመሪያ ላይ ቴዎድሮስ ሠዓሊ ነው ወይ ተብሎ የተቀለደው ቀልድ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አፍንጫ ካላቸው፣ አንዱን በአፍንጫው መለየት የሚችለው ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እየሳቅን ያለፍነው ፊት ሦስተኛውን መልስ ገደለው፤ ሰሙም በ«አሻራ» ስም ተመልሶ ሲገባ አብሮ መሰከረ።

የቀረው አጭር ነው። የተወለዱት ሁሉ ጫጩት የሌላቸው እንቁላሎች ሆኑ። ሶቅራጥስ ልጁን፣ ወደፊት ብታረግዝ የተሻለውን ታረግዛለህ፤ ካላረገዝክም የማታውቀውን የምታውቅ አይመስልህምና ለሰው አትከብድም ይለዋል። ከዚያ ይነሳል። ሜሌጦስ የከሰሰበትን ክስ ለመቀበል «የንጉሡ ሰገነት» ወደሚባለው ስፍራ መሄድ አለበት፤ ዓመቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው። ያላዩትን ነገር በውሃ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚፈርዱት ዳኞች ማን እንደሆኑ አሁን ይገባናል። ለቴዎድሮስም ነገ በማለዳ እዚሁ እንገናኝ ይለዋል።

ቀጠሮውም ይጠበቃል። በ«ሶፊስት» ቴዎድሮስ በማግስቱ ከኤልያ የመጣ እንግዳ ይዞ ይደርሳል። ሶቅራጥስ በ«ቴኤቴቶስ» ውስጥ ስለ ፈላስፋው ፓርሜኒደስ ተጠይቆ፣ በወጣትነቴ አግኝቼዋለሁ፣ ታላቅና አስፈሪ ሰው ነው፣ አልነካውም ብሎ አልፎት ነበር። ከራሱ ከፓርሜኒደስ አገር የመጣው ይህ እንግዳ ያንን ሰው ይነካዋል፤ የሌለ ነገርም በሆነ መንገድ አለ ብሎ ይከራከርና ውሸት እንዴት ሊነገር እንደሚችል ያሳያል፤ ሰሙና የወፍ ቤቱ ሊሸከሙት ያልቻሉትን ማለት ነው። ሲጠይቅ የሚመልስለት ቴኤቴቶስ ነው። ሶቅራጥስ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።